የግንቡ የውስጥ ፊት

አውቶቡሱ ፍል ውሃው በር ላይ ሲያቆም ጧት ሦስት ሰዓት አልሞላም ነበር። ግንበኛው መጀመሪያ የእህቱን ሻንጣ፣ ከዚያ የራሱን ከረጢት፣ በመጨረሻ ደግሞ እህቱን አወረደ። እህቱ በአምስት ዓመት ትበልጠዋለች፤ ስድሳ ስምንት ሆኗታል። ጉልበቷ እንቢ ካላት ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ምላሷ ግን አንድም ቀን እንቢ ብሏት አያውቅም። እግሯ መሬት እንደ ነካ ዙሪያዋን ቃኘችና፣

«ይሄ ነው እንግዲህ ያ ሁሉ የተወራለት? ጭስ በጭስ» አለች።

«እንፋሎት ነው እትዬ።»

«እንፋሎትም በለው ጭስ፣ ያው አያሳይም።»

እውነቷን ነው። ከዝቅተኛው ሕንፃ ጀርባ የሚነሳው እንፋሎት ብርዱን ሲያገኝ እንደ ከባድ ብርድ ልብስ ጣሪያው ላይ ይተኛል። ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። ከበሩ እስከ እንግዳ ማረፊያው ያለችውን አጭር መንገድ፣ እሷ ክንዱን ይዛ፣ እሱ ሁለቱን ጓዝ ተሸክሞ፣ ለመሄድ ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው።

ሐኪሙ አሥር ጊዜ ተነከሪ ብሏታል፤ በቀን ሁለቴ፣ አምስት ቀን። ልጆቿ ሁሉም ሥራ አላቸው። ግንበኛው ግን በዚህ ወራት ሥራ ፈት ነው፤ ውርጭ የመታው ሲሚንቶ ስለማይጨብጥ ብርዱ ሲጠና ግንብ ሥራ ለሰባት ሳምንት ይዘጋል። ትዳር አልያዘም፤ የሚጠብቀው ሰውም የለም። «ቤት ተቀምጠህ ጣሪያ ከምትቆጥር እኔን ይዘኸኝ ሂድ» ስትለው እንቢ የሚልበት ምክንያት አላገኘም። ምክንያት የሚፈልግበት አቅምም አልነበረውም።

የሥራ ድካም በእንቅልፍ ይወጣል። የእሱ ድካም ግን ተኝቶ ሲነሳም እዚያው ነበር፤ ማታ አልጋ ሥር እንዳወለቁት ጫማ ጧት ይጠብቀዋል።

የጀመረበትን ቀን ያውቀዋል። የእህቱ ባል የሞተ ዕለት ነው። የእህቱ ባል የሥራ ጓደኛውም ነበር። ሠራተኛው «ቱንቢ» ነበር የሚለው፤ ቱንቢ ግንብ መቆሙንና መጣመሙን ለማየት በክር የሚንጠለጠለው እርሳስ ነው። ሰውየውም ሲሄድ እንደዚያ ቀጥ ብሎ ነበር፤ ሲናገርም ጥቂትና ከባድ። ሁለቱ ሃያ ስምንት ዓመት አንድ ግንብ ከሁለት ወገን ሲገነቡ ኖረዋል። ወፍራም የድንጋይ ግንብ ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ ግንበኛ ከውጭ፣ አንዱ ከውስጥ ሆነው፣ ትይዩ ቆመው፣ መሃሉን በትንንሽ ድንጋይ እየሞሉ እኩል ያሳድጉታል። ግንበኛው የውጩን ፊት ነበር የሚይዘው፤ መንገደኛ ቆም ብሎ የሚያየውን፣ ባለቤቱ እጁን የሚያሳርፍበትን። ቱንቢ የውስጡን ይዞ ኖረ። የውስጡ ፊት ይለሰናል፣ ቀለም ይቀባል፣ ማን እንደሠራው የሚጠይቅ የለም። ጧት ሥራ ሲገቡ ሁለቱም ሳይነጋገሩ በየወገናቸው ሄደው ይቆሙ ነበር።

ቱንቢ ባለፈው የዝናብ ወራት መጨረሻ፣ ታመመ ሳይባል፣ ቁርሱን በልቶ እጁን ሊታጠብ ሲነሳ ወደቀ። ስለዚያ ጧት ወንድምና እህት አንስተው አያውቁም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ግንበኛው ለእህቱም አልነገራትም። ከቀብሩ ሦስት ሳምንት በኋላ ካቦው ከሌላ ግንበኛ ጋር አጣመረው። አዲሱ ጓደኛ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሆነው፣ እጀ ፈጣን፣ አፉ ደግሞ ከእጁ የባሰ ፈጣን ሰው ነው፤ «ሬዲዮ» ይሉታል። ለአንድ መጋዘን አጥር ጀመሩ። ግንቡ ደረት ላይ ሲደርስ ሆዱ ተነፋ፤ የውጩ ፊት ከውስጡ ተላቆ ወደ መንገዱ ገፋ። ካቦው ጫፉ ላይ ቆሞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በግንቡ ርዝመት አየና ሄደ። በማግስቱ አሥራ አራት ሜትር ግንብ በእጃቸው አፈረሱ።

ግንበኛው አርባ ዓመት ሲሠራ የፈረሰ ግንብ አልነበረውም።

ሥራ የተዘጋ ዕለት ካቦው ወደ ጎን ወሰደው። በዕድሜ ልጁ ሊሆን የሚችል ሰው ነው፤ ጨዋ ነው፤ ጨዋነቱ ነው የባሰበት። ሥራ ሲከፈት ወይ ከሬዲዮ ጋር ይቀጥላል፣ ወይ ደግሞ በሩ ላይ የዘበኛ ወንበር አለ፤ ወንበሩ ጥላም ማሞቂያም አለው፣ ለዕድሜውም ይስማማል አለው። የሠራተኛ ዝርዝር የሚያስገባው ቅዳሜ ነውና እስከዚያ ቁርጡን እንዲነግረው ለመነው። ያ ቅዳሜ የዚህኛው ሳምንት ቅዳሜ ነው፤ ከፍል ውሃው የሚመለሱበት ቀን።

ያንን ወንበር ግንበኛው ያውቀዋል። አሁን የተቀመጠበትና በቅርቡ የሚለቀው ሰው ራሱ የድሮ ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ የመኪና ታርጋ እያነበበ ይውላል፣ ያለፈ ያገደመውን ስለ ልጆቹ ይጠይቃል። ደስተኛ ሰው ነው። ግን እዚያ ተቀምጦ ወደ ግንብ የተመለሰ አንድም ሰው የለም።

እንግዳ ማረፊያው ሁለት አልጋ ያለው አንድ ክፍል ሰጣቸው። አልጋዎቹ ጠባብ ናቸው። መጀመሪያ ጧት ሲነቃ እህቱን አያት፤ በዚያች ጠባብ አልጋ ላይ እንኳ ጠርዝ ይዛ፣ ግድግዳው በኩል ያለውን ለሰው ትታ ነበር የተኛችው። ፊቱን ወደ ራሱ ግድግዳ አዞረና እስክትነሳ ጠበቀ።

ውሃው ደግ ነበር። የወንዶቹና የሴቶቹ ገንዳ አንድ ጣሪያ ሥር ነው፤ መሃላቸው ያለው ግድግዳ ጣሪያው ጋ አይደርስም፣ ወሬ ደግሞ ግድግዳ አይገድበውም። የገንዳው ጠባቂ የላስቲክ ቦት ያጠለቀች ወፍራም ሴት ናት፤ ሩብ ሰዓት ሲሞላ ቧንቧውን በቁልፍ ታንኳኳለች፣ ያኔ ሁሉም ይወጣል። ከወንዶቹ በኩል ሁልጊዜ ቀድሞ የሚገኘው አንድ ጡረተኛ ሾፌር ነው፤ እስከ አገጩ ውሃ ውስጥ ሆኖ የሱፍ ባርኔጣውን አያወልቅም፤ ለምን ሲሉት፣ ከላይ ያለውን ብርድ ማን ይሸከምልኛል ይላል።

በሁለተኛው ቀን ከሴቶቹ ወገን፣ «ማሙዬ፣ ትከሻህን ነክረሃል?» የሚል ድምፅ መጣ።

ግንበኛው ወደ ውሃው ዝቅ አለ። ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው።

«ማሙዬ» አለ ሾፌሩ ዞር ብሎ፣ «ትልቅ ሰው ሲጠይቅ መልስ ይሰጣል።»

ግድግዳው ማዶ ሴቶቹ ሲስቁ ተሰማ። ግንበኛው፣ ነክሬያለሁ እትዬ ብሎ መለሰ፤ የባሰ ሳቁ። እሱም ፈገግ አለ። ከዝናቡ ወራት ወዲህ ፈገግ ያለው ያን ቀን ነበር፤ ግን ከገንዳው ወጥቶ ፎጣውን እስኪጠቀልል ድረስ ፈገግታው አልቆየም። ውሃው መገጣጠሚያዎቹን ለቀቅ አደረገለት፤ ከዚያ ወዲያ ግን አልዘለቀም።

ከጧቱና ከማታው ገንዳ መሃል ያለው ቀን ረጅም ነው። እህቱ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ በገመድ ላይ የተሰጣው ፎጣዋ በውርጭ እንደ ሳንቃ ሲደርቅ ታያለች። በአራተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ሰለቻት። ጠባቂዋ ከገንዳው ጀርባ ባለው ኮረብታ ላይ የጥንት ከተማ ፍርስራሽ እንዳለ፣ መንገዱም ዳገት የማይበዛው መሆኑን፣ ለጉልበትም መንቀሳቀስ ደግ እንደሆነ ነግራታለች።

ግንበኛው አይሆንም አለ። መጀመሪያ ብርዱን ምክንያት አደረገ፤ ቀጥሎ ጉልበቷን፤ ቀጥሎ ደግሞ ድንጋይ ለማየት ከቤት መውጣት አያስፈልገውም፣ በሕይወቱ ሙሉ ድንጋይ አይቷል አለ። እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነበር። ከዚያ አጥር ወዲህ ግንብ በቀና ዓይን ማየት አልቻለም። መንገድ ላይ ሲሄድ እንኳ ዓይኑን መሬት መሬቱን ነው የሚያደርገው።

«እንግዲያው ብቻዬን እሄዳለሁ፤ ወድቄ ከተሰበርኩ መጥተህ ታነሳኛለህ» አለችና መደገፊያዋን አነሳች። ምን ያድርግ፤ ካፖርቱን ለበሰ።

ፍርስራሹ በር ላይ የእንጨት ጎጆ አለች። ከጎጆዋ አንገቱን በሻርፕ ሦስት ጊዜ የጠቀለለ አስጎብኚ እጁን እየፋቀ ወጣ። በዚህ ሳምንት የመጣ ሰው እናንተ ብቻ ናችሁ ብሎ እንደ ዘመድ ተቀበላቸው። እየመራቸው ያጠናውን ይነግራቸው ጀመር፤ ይሄ የገበያው አደባባይ፣ ይሄ የሹሙ ቤት፣ ያ ደግሞ ከፍል ውሃው በቦይ ውሃ የሚመጣበት። ትልቁ ግንብ ጋ ሲደርሱ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ይሄን ግንብ እናቴ፣ ግዙፋን ሰዎች በአንድ ሌሊት ሠሩት ይባላል።»

እህቱ ግንቡን ከሥሩ እስከ ጫፉ አየችው። «በአንድ ሌሊት? ባሌ ለአንድ ደጃፍ ሦስት ወር ነበር የሚፈጅበት። እንዲህ የሚሠሩ ካሉማ እኔን ያገባኝ ሰው ሲያታልለኝ ነው የኖረው።»

አስጎብኚው ሳቀ። ግንበኛው አልሳቀም፤ ሳያስበው እጁ ድንጋዩ ላይ አርፎ ነበር።

ግንቡ ክንድ ከስንዝር ውፍረት አለው። ከቆሙበት ጀምሮ ለሃያ እርምጃ ያህል ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ከዚያ ሆዱ ይነፋና የውጩ ፊት ከውስጡ ይለያል። በሁለቱ መሃል እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለ፤ ከዚያም ወዲያ የውጩ ፊት ጨርሶ ወድቆ ሣር በቅሎበታል፤ የውስጡ ብቻውን ቆሟል። አስጎብኚው፣ ይሄ በመሬት መንቀጥቀጥ ነው የፈረሰው አለ።

«አይደለም» አለ ግንበኛው።

በዚህ ሳምንት ማንም ሳይጠይቀው ጮክ ብሎ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው ማለት ይቻላል። አስጎብኚው ዞረ። ግንበኛው፣ መሬት ቢንቀጠቀጥ ያኛውንስ ማን ማረው ብሎ ቀጥ ብሎ የቆመውን አሳየው። ከዚያ እያንዳንዱን በጣቱ እየነካ ነገረው። በቆመው ግንብ ላይ በየክንዱ አንዳንድ ድንጋይ ከሌላው ለየት ብሎ ጭንቅላቱን ብቻ ያወጣል። ያ ድንጋይ አጭር ይመስላል እንጂ ረጅም ነው፤ ከውጩ ፊት ገብቶ እስከ ውስጡ ፊት ይዘልቃል። ሁለቱን ፊት የሚይዛቸው እሱ ነው፤ ማሰሪያ ድንጋይ ይባላል። እሱ ከሌለ ግንቡ አንድ ግንብ አይደለም፤ ተጠጋግተው የቆሙ ሁለት ቀጫጭን ግንቦች ናቸው። መሃላቸው ያለው ሙሌት ውሃ ሲጠጣ ይገፋቸዋል። ወደ ተነፋው ቦታ ወሰደውና አሳየው፤ እዚያ በሦስት እርምጃ ውስጥ አንድም ማሰሪያ የለም።

አስጎብኚው፣ ስድስት ዓመት እዚህ ስሠራ ይሄን የነገረኝ የለም አለ፤ ጥቂት ቆሞ ሲያይ ቆየና ብርዱ ሲያሸንፈው፣ አባቴ እናንተ እንደልባችሁ እዩ ብሎ ወደ ጎጆው ተመለሰ።

እህቱ ወድቆ የቀረ ጥርብ ድንጋይ ላይ ሻርፗን አንጥፋ ተቀመጠች። ግንበኛው እጁን ስንጥቁ ውስጥ እንዳደረገ ቆየ።

«እትዬ፣ እኔም እንዲህ ያለ ሠራሁ።»

«ምን ያለ?»

«ማሰሪያ የሌለው። የመጋዘኑን አጥር። ደረት ሲደርስ ተነፋ፤ አፈረስነው።»

እሷ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። «አውቃለሁ» አለች።

እጁን ከስንጥቁ አወጣ። ማን ነገረሽ ሲላት፣ «ሬዲዮ ነዋ። ሬዲዮ መቼ ዝም ይላል» አለችው።

ግንቡ በፈረሰ ማግስት ሬዲዮ እቤቷ መጥቶ ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ ያንኑ ነገር እየደጋገመ ነገራት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው ይል ነበር። ግንቡ ጉልበት ላይ ሲደርስ ማሰሪያ እንዳልገባ አይቷል። ግን አርባ ዓመት የገነባ ሰው የራሱ ዘዴ ይኖረዋል ብሎ አሰበ፤ የውጩን ፊት የያዘው ነው «ማሰሪያ አምጣ» ብሎ የሚጠራው፣ ጋሼ ሳይጠሩ እኔ ማን ነኝ ብሎ ተወው። መንገድ ለሚያቋርጠው ሁሉ ስብከት የሚሰጠው ሰው፣ መናገር በነበረበት በዚያች አንዲት ቦታ አፉን ዘጋ።

ግንበኛው ደግሞ እየጠበቀ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ግንብ ጉልበት ላይ ሲደርስ፣ እሱ ቀጣዩን መደዳ ሊጀምር ሲል፣ የረጅም ድንጋይ ራስ ከወዲያ በኩል ብቅ ይላል፤ እሱ ቦታ ይለቅለትና ይቀጥላል። አንድም ቀን ጠርቶት አያውቅም። እቤቱ ውስጥ ጨው ማን እንደሚገዛ አስቦ እንደማያውቅ ሰው ነበር። ከሬዲዮ ጋር ሲሠሩም እጁ መደዳ በመደዳ ሲሄድ፣ ያ ድንጋይ ከወዲያ ይመጣል ብሎ ሳያውቀው ይጠብቅ ነበር። ሳይመጣ ሲቀርም አላስተዋለም። ይሄን ለእህቱ ነገራት። ከአፉ ሲወጣ ትንሽ ነገር ሆነበት፤ ትንሽ መሆኑ ይበልጥ አሳፈረው።

«እሱም ያውቅ ነበር» አለች።

«ማን?»

«ባሌ። ማታ ገብቶ እጁን ሲታጠብ 'ዛሬም አልጠራም' ይለኝ ነበር። መጀመሪያ ጊዜ ምኑን ነው የማይጠራው ብዬ ጠየቅኩት፤ ነገረኝ። ወንድምሽ ማሰሪያ ድንጋይ አያስታውስም አለኝ። ታዲያ ንገረው እንጂ አልኩት። 'ሌላውን ሁሉ ከእኔ የበለጠ ያውቃል፤ ይቺን አንዷን እኔ ልያዛት' አለኝ። ከዚያ በኋላ የቤታችን ቀልድ ሆነ። ስንት ዓመት ስንስቅብህ ኖርን።»

የምትጠብቀው ምን እንደነበር እሷም አታውቅም፤ ምናልባት ይስቃል ብላ ይሆናል። እሱ ግን ፊቱ ጠቆረ።

«ሃያ ስምንት ዓመት ግማሽ ግንበኛ አድርጎ አኖረኛ።»

«አንተ ሰው...»

«በደህና ቀን ቢነግረኝ እማር ነበር። አሁን በስድሳ ሦስት ዓመቴ በልጆች ፊት ግንብ አፈረስኩ። ለእናንተ ቀልድ ነው።»

የሞተ ሰው ላይ ሲቆጣ ራሱን ሰማው። እሷ አልተቆጣችም። መደገፊያዋን ይዛ ለመነሳት ሞከረች፤ አልሆነላትም፤ ተመልሳ ተቀመጠች።

«እኔም ምድጃ ማጥፋት አላውቅም» አለች። «ማታ ማታ እሱ ነበር የሚያጠፋው። እሱ ከሞተ ወዲህ ሁለት ድስት አቃጥያለሁ። ትልቋ ልጄ እማዬ እያረጀች ነው ብላ ታስባለች። አላረጀሁም። አርባ ዓመት ሙሉ ማጥፋት ሥራዬ አልነበረም።»

ግንበኛው አላለቀሰም፣ እሷም አላለቀሰችም። ክንዷን ይዞ አስነሳት። እየደገፋት ወደ ማረፊያው ተመለሱ። ማታ ገንዳው ውስጥ ከግድግዳው ማዶ ድምፅ አልመጣም፤ ሾፌሩ እንኳ፣ ዛሬ ማሙዬን የሚጠይቀው የለም እንዴ ብሎ ጠብቆ ጠብቆ ተወው።

ዓርብ ዕለት ብርዱ ባሰ። ከጧቱ ገንዳ በኋላ እህቱ ደከመኝ ብላ ተኛች። ግንበኛው አልጋው ላይ ተቀምጦ ስለ ወንበሩ አሰበ። እውነቱን ለመናገር ወንበሩ አስጎመጀው። ጧት አንድ ሰዓት ገብቶ መቀመጥ፣ በሩን መክፈት፣ በሩን መዝጋት፤ እዚያ ምንም የሚፈርስ ነገር የለም። ማንም አይፈርድበትም። አርባ ዓመት የሠራ ሰው ቢቀመጥ ማን ምን ይላል። ካቦው ሲደውል እሺ ለማለት አንዲት ቃል ነው። ቃሏን ሁለት ሦስት ጊዜ በሆዱ አላት፤ አልከበደችም።

ታዲያ ለምን እንደተነሳ እሱም አያውቅም። ካፖርቱን ለብሶ ብቻውን ወደ ፍርስራሹ ወጣ። አስጎብኚው ከጎጆዋ መስኮት እጁን አነሳለት፤ ተከትሎት ግን አልወጣም።

ግንበኛው ትላንት የቆመበት ቦታ አልቆመም። ግንቡን እየተከተለ ሄዶ፣ በፈረሰው በኩል ድንጋዩን ተራምዶ፣ ወደ ውስጠኛው ወገን ዞረ። እዚያ ፀሐይ አይደርስም፤ ሣሩ ላይ ያለው ውርጭ ከትላንት ወዲያ የወረደው ሳይሆን አይቀርም፤ እግሩ ሥር ይሰበራል። የውስጡ ፊት ያልተጠረበ ነው። ድንጋዩ ሻካራ፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ፤ የሚያምር ነገር የለውም። ጎንበስ አለና የማሰሪያ ድንጋዮቹን ጭራ ፈለገ። አገኛቸው። እያንዳንዱ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጥፎለታል፤ ከጎንና ከጎኑ እንዳይላወስ ስንጥር ድንጋይ እየተፈለገ፣ ጣት የማታህል ስንጥር ሳትቀር፣ ተወትፎለታል። ከውጭ በኩል የሚታየው ራሱ ብቻ ነው፤ ራሱ እንዲያ ቀጥ ብሎ የተቀመጠው ግን እዚህ ወዲህ አንድ ሰው ስለለፋበት ነው። ማንም አያየውም። በልስን ተሸፍኖ ኖሮ፣ ልስኑ ስንት ዘመን ቆይቶ ረግፎ፣ ዛሬ ነው የታየው።

ቱንቢ እንዲህ ነበር የሚሠራው? ግንበኛው ሊያስታውስ ሞከረ፤ የሚያስታውሰው አልነበረውም። በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ዞሮ የቱንቢን ወገን አይቶ አያውቅም። ሥራ ሲያልቅ ከውጭ በኩል ራቅ ብሎ ቆሞ የራሱን ፊት ያያል፣ ቱንቢም ዞሮ መጥቶ አጠገቡ ይቆማል፣ ሁለቱም የውጩን ያያሉ፤ ቱንቢ «አምሮበታል» ይላል፤ ይሄዳሉ። ወደዚያኛው ወገን ዞረው አያውቁም። ቱንቢ፣ «ዞረን እንየው» እስኪባል ጠብቆ ይሆን? አይመስለውም። እንዲያ ዓይነት ሰው አልነበረም።

እግሩ እስኪደነዝዝ እዚያ ቆመ። ቁጣው አልጠፋም፤ ግን የትላንቱ ቁጣ አልነበረም፤ አሁን ግማሹ ወደ ራሱ ዞሯል፤ ለሁለት ሲካፈል ደግሞ ቀለለ። ወደ ማረፊያው ሲመለስ እህቱ ተነስታ ፀጉሯን ታበጥር ነበር። የት ነበርክ አላለችውም። ለማታው ገንዳ ፎጣዋን አጣጥፎ ሰጣት፤ አመሰገነችው። በእነሱ ቤት እርቅ ማለት ይሄ ነው።

ቅዳሜ ጧት ካቦው ሳይደውል እሱ ደወለ። እህቱ ሻንጣዋን እያሰረች ነበር፤ ሻንጣው ላይ አጎንብሳ እጇ ግን ቆመ።

ግንበኛው ከሬዲዮ ጋር እንደሚቀጥል ነገረው። ካቦው ደስ እንዳለው ከድምፁ ያስታውቃል፤ ስለ አዲሱ የትምህርት ቤት አጥር ሊያወራ ጀመረ። ግንበኛው አቋረጠው።

«አንድ ነገር አለኝ። የውጩን ፊት ሬዲዮ ይያዝ። እኔ ውስጥ ልሁን።»

ካቦው ስለ አጥሩ ማውራቱን ተወ። «ጋሼ፣ ደህና ነዎት?»

«ደክሞኛል። ግን ደህና ነኝ።»

«ፊቱን ለሬዲዮ? እንደ እርስዎ ፊት የሚያወጣ ሰው እኮ የለኝም። ውስጡን ማን ያየዋል?»

«ማንም» አለ ግንበኛው። «ፊቱን ከዚያ ማዶ ሆኜ አሳየዋለሁ። እጁ ጥሩ ነው። ማሰሪያውን ግን የማስገባው እኔ ነኝ፤ እሱም እንዲጠራ አስተምረዋለሁ። ሳይጠራ ከቀረ አላልፈውም።»

ካቦው ወረቀት ሲያገላብጥ ተሰማ። እሺ አለ። እንደ ሙከራ ይሁን፣ የመጀመሪያውን አሥር ሜትር አይቶ እንደሚወስን ተናገረ፤ ካልሆነ ወንበሩ አሁንም እንዳለ አልሸሸገውም። ከዚያ ለሬዲዮ ማን እንደሚነግረው ጠየቀ።

«አንተ ንገረው። እኔ ከነገርኩት ስልኩን እስከ ማታ አይዘጋውም።»

ስልኩን ኪሱ ከተተ። ቀላል አልሆነለትም፤ እዚያው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መዳፎቹን አያቸው። አርባ ዓመት ሰው ያየለትን ነገር በአንድ ስልክ ለሌላ ሰጠ። አሥር ሜትር። አሥር ሜትር ምን ያህል እንደሚረዝም ድንጋይ ያነሳ ያውቀዋል።

እህቱ የሻንጣዋን ማሰሪያ ሁለት ጊዜ ጎተተችው።

«ውስጥ ልትሆን ነው?»

«ውስጥ ነኝ።»

«ፀሐይ አይደርስም እዚያ። እስከ ስድስት ሰዓት ጥላ ነው ይለኝ ነበር፤ ከድንጋዩ የሚወጣው ቅዝቃዜ ደግሞ ወገብ ይይዛል። ለአንተ አልነገረህም?»

«አልነገረኝም።»

«ምን ይነግርሃል» አለች። መደገፊያዋን አነሳችና ክንዷን እንዲይዝላት ዘረጋችለት፤ አሥረኛው ገንዳ ይቀራታል፤ አውቶቡሱ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆም ብላ ከጫማው እስከ አንገቱ አየችው።

«ሁለት ሹራብ ትደርባለህ» አለች። «አንድ አይበቃም።»